ሶኖፍ ዚግቢ ዶንግል በጎንደር ቤት፦ ዕቃው ደህና ነው፣ ቦታ ምረጡለት

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሶኖፍ ዚግቢ 3.0 ዩኤስቢ ዶንግል ፕላስ፣ "ፒ" የሚባለው ዓይነት፣ ገንዘቡ የሚገባው ዕቃ ነው። እኛ ቤት ቀን ከሌት ይሠራል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የምጠቀምበት። ነገር ግን ከካርቶኑ አውጥቶ ያገኙት ቀዳዳ ላይ ሰክቶ መተው አያዋጣም። የት እንደሚሰካ፣ ከምን ጎን እንደሚቀመጥ፣ በየትኛው ቻናል እንደሚሠራ ካልታሰበበት ጥሩው ዕቃ መጥፎ ይመስላል። "ሴንሰሬ በየጊዜው ይጠፋል፤ ዶንግሉ አይረባም" ብለው መሳቢያ ውስጥ የወረወሩት ሰዎች አውቃለሁ። ከመወርወራችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ዕቃውን ለማታውቁት፦ ፍላሽ ዲስክ የሚመስል፣ ትንሽ ወፈር ያለ፣ የአልሙኒየም ልባስ ያለው ነገር ነው። ከጫፉ የምትታጠፍ አንቴና አለችው። ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ኮምፒውተሩ በዚግቢ ከሚሠሩ ሴንሰሮች፣ ሶኬቶችና አምፖሎች ጋር መነጋገር ይችላል። ዚግቢ ልክ እንደ ዋይፋይ ሬዲዮ ነው። ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 250 ኪሎቢት ብቻ ነው። ፊልም አያሳይም። "በሩ ተከፈተ"፣ "ውሃ ነካኝ"፣ "ሙቀቱ ይህን ያህል ደረሰ" ለማለት ግን ይተርፋል። ጉልበት ስለማይፈጅም አንዲት የሳንቲም ባትሪ ሴንሰሩን ለረጅም ጊዜ ታኖረዋለች። የ"ፒ" ቺፕ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሲሲ2652ፒ ነው። "ኢ" የሚባለው ወንድሙ የሲሊከን ላብስ ቺፕ ነው ያለው። ከዚህ በታች የምናገረው ለሁለቱም ይሠራል።

እኔ የገዛሁት በውሃ ምክንያት ነው። ጎንደር ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። እናቴ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ የግቢውን ቧንቧ ከፍታ፣ ከሥሩ የብረት ባልዲ ደቅና ነበር የምትተኛው። ውሃው ባልዲውን ሲመታ ድምፁን ሰምታ ትነሳለች። ጀሪካኑና በርሜሉ ይሞላል፤ ከበርሜሉ ደግሞ ዳይናሞው ወደ ላይኛው ሮቶ ይገፋዋል። እሷ ተኛሁ ትላለች እንጂ ጆሮዋ ግቢው ውስጥ ነበር የሚያድረው።

አሁን ባልዲው ውስጥ የውሃ መፍሰስ ሴንሰር አለ። ከሥሩ ሁለት የብረት ነጥቦች አሉት። ውሃ ነጥቦቹን ሲያገናኛቸው ሴንሰሩ ምልክት ይልካል። ምልክቱን ዶንግሉ ይቀበላል፤ ላፕቶፑ ላይ ያለው ሆም አሲስታንት የተባለ ፕሮግራም ደግሞ የቀረውን ይሠራል። ስልኬ ይጮሃል፣ የኮሪደሩ መብራት ቦግ ይላል፣ ላፕቶፑም ራሱ ድምፅ ያሰማል። የላፕቶፑን ድምፅ የጨመርኩት ሆን ብዬ ነው። ወደ ስልኬ የሚመጣው ኖቲፊኬሽን ኢንተርኔት ይፈልጋል። መብራቱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ሁለቱም በሌሉበት ሌሊት ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይናገራል። ዶንግሉን ከወደድኩባቸው ምክንያቶች ዋናው ይህ ነው፤ ሁሉ ነገር እዚሁ ቤት ውስጥ ያልቃል። የኢንተርኔት መኖር አለመኖር አያስጨንቀውም።

መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ በደህና ሠራ። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ዝም ማለት ጀመረ። ጠዋት እናቴ ቡናዋን እያፈላች "ያ ነገርሽ ዛሬም ዝም አለ። ውሃው መጥቶ ሄዷል እኮ" ትለኛለች። ቀን ላይ ሄጄ ስሞክረው ግን ወዲያው ይመልሳል። ባትሪው ሙሉ ነው። ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ሌሊት ብቻ ነው የሚጠፋው።

ሌሊት ምን የተለየ ነገር አለ? እኛ ቤት መልሱ አንድ ነው። የግቢው ካሜራ የቀረጸው በሙሉ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ የሚገለበጠው ሌሊት ነው። ዲስኩ ላፕቶፑ ላይ ሰማያዊው ፖርት ላይ፣ ማለትም ፈጣኑ ዩኤስቢ 3.0 ላይ ተሰክቷል። ዶንግሉ ከጎኑ ነው፤ በመካከላቸው አራት ጣት እንኳ የለም።

ሙከራው ቀላል ነበር። ዶንግሉን ከሆም አሲስታንት ጋር የሚያገናኘው ዚግቢ ቱ ኤምኪውቲቲ የሚባለው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ዕቃ የሲግናል ጥራት ቁጥር ያሳያል፤ ከ0 እስከ 255 ይሄዳል። ቁጥሩ የሚታደሰው ሴንሰሩ ሲናገር ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ፋይል ወደ ዲስኩ እንዲገለበጥ አደረግሁና ስልኬን ይዤ ባልዲው ጋ ቁጢጥ አልኩ። የሴንሰሩን ነጥቦች በእርጥብ ጣት ነካሁ። ቁጥሩ ከ30 በታች ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ መልስ የለም። ታናሽ ወንድሜን ዲስኩን እንዲነቅለው ጠራሁት። እንደገና ነካሁ። ከ100 በላይ ወጣ። መልሶ ሲሰካውና መገልበጡ ሲጀምር ወረደ። ሌላ ምስክር አላስፈለገኝም።

ይህ የሶኖፍ ጥፋት አይደለም፤ የዲስኩም መበላሸት አይደለም። የታወቀ ነገር ነው። ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 በዚህ ጉዳይ ላይ ሰነድ አውጥቷል። ዩኤስቢ 3.0 መረጃ የሚያሳልፈው በሰከንድ 5 ጊጋቢት ነው። ይህ ሁሉ ፍጥነት በመስመሩ ውስጥ ሲያልፍ ሰፊ የሬዲዮ ጫጫታ ያመነጫል። ጫጫታው ደግሞ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና ዚግቢ የሚሠሩበትን 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይሸፍነዋል። ኢንቴል በለካው መሠረት የዩኤስቢ 3.0 ዲስክ ሲሰካ በዚያ አካባቢ ያለው ጫጫታ እስከ 20 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። 20 ዴሲቤል በኃይል ሲሰላ 100 እጥፍ ነው። የሚወጣውም ከፖርቱም፣ ከገመዱም፣ ከዲስኩም ነው። ዶንግሉ አጣርቶ ሊጥለው አይችልም፤ ጫጫታው የሚመጣው እሱ ራሱ በሚያዳምጥበት ድግግሞሽ ላይ ነውና። የሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያ ሥር ቆሞ በስልክ ለማውራት እንደመሞከር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሻጮች ይህን ዶንግል ሲያሞግሱ "20 ዲቢኤም ኃይል አለው" ይላሉ። እውነት ነው፤ ቺፑ እዚያ ድረስ ያስተላልፋል። ግን ይህ ዶንግሉ የሚናገርበት ጉልበት ነው። የባልዲው ሴንሰር በትንሽ ባትሪ በቀስታ ነው የሚናገረው። ዶንግሉ የቱንም ያህል ቢጮህ የሴንሰሩን ድምፅ አያጎላውም። መፍትሔው ዶንግሉ ደህና የሚሰማበት ጸጥ ያለ ቦታ መስጠት ነው።

ቦታውን የሚሰጠው ደግሞ ርካሽ ነገር ነው፤ የዩኤስቢ 2.0 ማስረዘሚያ ገመድ። ፒያሳ ካሉት የኮምፒውተር ዕቃ ሱቆች አንዱ ገባሁ። ልጁ መጀመሪያ ያወጣልኝ የፕሪንተር ገመድ ነው። አይደለም ስለው "እህት፣ እስኪ ራስሽ ምረጪ" ብሎ ጥቅሉን በሙሉ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። እንዲህ ያለ ባለሱቅ ይባረክ። ዶንግሉን በቦርሳዬ ይዤ ስለነበር አንድ በአንድ እየሰካሁ አየሁ። አንዱ ሴት ጫፉ ላላ ብሎ ዶንግሉን ይጥላል፤ እሱን ተውኩት። ሌላው እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ቀጭን ሽቦ ኃይል በመንገድ ስለሚያባክን እሱንም ተውኩት። የወሰድኩት ወፍራሙን ነው፤ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል።

ስትገዙ እንዲህ እዩ። አንዱ ጫፍ ወንድ፣ ሌላው ጫፍ ሴት ይሁን። የጫፉ ውስጥ ጥቁር ወይም ነጭ ይሁን፤ ሰማያዊ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 3.0 ነው፤ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። የ2.0 ገመድ ውስጥ የፈጣኑ መስመር ሽቦ ጭራሽ ስለሌለ ጫጫታውን ወደ ዶንግሉ ይዞ አይሄድም። ላፕቶፑ ጥቁር ፖርት ካለው እሱን ተጠቀሙ። ርዝመቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ይበቃል። ከ5 ሜትር በላይ ግን ተራ የዩኤስቢ ገመድ አይታመንም።

ዶንግሉን አሁን በመስኮቱ የእንጨት ፍሬም ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሬዋለሁ። እንጨት ሬዲዮን ብዙ አይከለክልም። ከዲስኩም ከራውተሩም ርቋል። አንቴናዋን ቀጥ አድርጌ አቁሜያታለሁ። የዚህ ዓይነት አንቴና የሚረጨው ወደ ጎን ነው፤ ወደ ጫፏ አቅጣጫ ደካማ ናት። ስለዚህ ጫፏን ወደ ሴንሰሩ ማነጣጠር አይጠቅምም። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ሌሊቱን ሙሉ ሲገለበጥ ቢያድርም የባልዲው ቁጥር አይወርድም። ከሁሉም ማስተካከያ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ገመድ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ዋይፋይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆየት ልበል፤ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ቦታ ነውና።

ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ በብዛት የሚሠራው በቻናል 1፣ 6 እና 11 ነው። የየቻናሉ መሃል በቅደም ተከተል 2412፣ 2437 እና 2462 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፤ እያንዳንዱም 20 ሜጋኸርዝ ያህል ይይዛል። ዚግቢ ደግሞ ከ11 እስከ 26 የተቆጠሩ 16 ቻናሎች አሉት። እያንዳንዱ 2 ሜጋኸርዝ ብቻ ይይዛል፤ በየ5 ሜጋኸርዙም ተደርድረዋል። የሁለቱ ቁጥር አይገናኝም። የዚግቢ 11 ያለው 2405 ላይ ነው፤ ይህ የዋይፋይ 1 ክልል ነው። ዚግቢ ቱ ኤምኪውቲቲ ደግሞ ካልነካችሁት የሚጀምረው በዚሁ በ11 ነው። ራውተራችሁ ቻናል 1 ላይ ከሆነ ሁለቱ ገና ከመጀመሪያው ተጣልተዋል ማለት ነው። ዜድ ኤች ኤ የሚባለውን የሆም አሲስታንት ክፍል ለምትጠቀሙ መነሻው 15 ነው።

ዋይፋያችሁ 1 ላይ ከሆነ ዚግቢን 20 ወይም 25 ላይ አድርጉት። ዋይፋዩ 6 ላይ ከሆነ 25 ይሻላል። ዋይፋዩ 11 ላይ ከሆነ 15 ይሻላል። 26ን እኔ አልመርጥም፤ አንዳንድ ዕቃዎች አይደግፉትም።

የኛ ቤት ራውተር "አውቶ" ላይ ነበር። አውቶ ማለት ራውተሩ በራሱ ቻናል ይመርጣል ማለት ነው። መብራት በማይጠፋበት አገር ይህ ምናልባት ችግር የለውም። እኛ ጋ ግን መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ራውተሩ እንደገና ይነሳና እንደገና ይመርጣል። ዛሬ 1 ላይ ነው፣ ነገ 11 ላይ ነው። ዚግቢው ግን ካለበት አይንቀሳቀስም። "ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ምን ነካው?" የምትሉ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ተመልከቱ። ወደ ራውተሩ ገጽ ገብታችሁ የ2.4 ጊጋኸርዙን ቻናል በአንድ ቁጥር ላይ ቁረጡት። ስፋቱንም ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ አውርዱት። 40 ላይ ከሆነ አንድ ራውተር ብቻውን የሜዳውን ግማሽ ይወስዳል። ስልኮችና ቴሌቪዥኑ 5 ጊጋኸርዝ የሚችሉ ከሆነ ወደዚያ አሻግሯቸው፤ ዚግቢ እዚያ የለም።

የጎረቤትን ዋይፋይ ማዘዝ አይቻልም፤ ማየት ግን ይቻላል። ስልክ ላይ የዋይፋይ መቃኛ መተግበሪያ ጭናችሁ ግቢውን ዙሩ። እኛ ፒያሳ አጠገብ ስለሆንን በዙሪያችን ያሉት ፔንሲዮኖች ብዙ ራውተር አላቸው። ስቃኝ አብዛኞቹ 6 እና 11 ላይ ተከማችተው አገኘኋቸው። ስለዚህ የኛን ዋይፋይ 1 ላይ አሰርኩት፣ ዚግቢውን ወደ 25 ወሰድኩት። በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲጨናነቅ የሞባይል ሆትስፖቱም በየክፍሉ ይበዛል። ያኔ 25 መሆኑ ጠቅሞኛል፤ ከዋይፋይ 11 በላይ በኩል ጥጉን ይዞ ነው የሚቀመጠው።

ቻናል ስትቀይሩ ግን ታገሡ። ሶኬት ላይ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ይከተላሉ። በባትሪ የሚሠሩት ተኝተው ስለሚውሉ አንዳንዶቹ ለውጡን አይሰሙም። ቁልፋቸውን ተጭኖ እንደገና ማጣመር፣ ማለትም ከዶንግሉ ጋር እንደ አዲስ ማስተዋወቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ቅዳሜ ጠዋት የሚሠራ ሥራ ነው እንጂ ማታ ውሃ በሚጠበቅበት ሰዓት አይሞከርም።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። የኛ ቤት ግማሹ የአያቴ ቤት ነው፤ ግድግዳው የድንጋይና የጭቃ ነው፣ ከክንድ በላይ ይወፍራል። ግማሹ በኋላ የተጨመረ ብሎኬት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የጓሮው በር ብረት ነው። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አይደለም። ወፍራም ድንጋይ ሲግናሉን ያደክመዋል። ብረት ግን ጭራሽ ይመልሰዋል። የጓሮው በር ሲዘጋና ሲከፈት የባልዲው ቁጥር እንዴት እንደሚለያይ ብታዩ ትገረማላችሁ።

ውሃም ራሱ ሬዲዮን ይውጣል። ሮቶው ሲሞላ ከኋላው ያለው ሴንሰር ይደክማል፤ ሲጎድል ይበረታል። ይህን ያስተዋልኩት ቁጥሮቹን ከሮቶው ከፍታ ጎን ለጎን ሳይ ነው። ስለዚህ ዶንግሉን ወይም መልእክት የሚያቀብለውን ዕቃ (አቀባዩን) ስታስቀምጡ ሙሉ ሮቶ በመካከል እንዳይገባ አድርጉ።

ባልዲውንም ቀየርን። የብረቱ ባልዲ ሴንሰሩን ከጎን ሁሉ ከቦ ይዞት ነበር። አሁን ፕላስቲክ ነው። እናቴ መጀመሪያ "ፕላስቲኩ ሲመታ ድምፁ አይሰማኝም" ብላ አልወደደችውም። ድምፁን ላፕቶፑ እንደሚያሰማት ደጋግሜ ካሳየኋት በኋላ ነው የተስማማችው። የብረቱን ባልዲ ለዶሮ ውሃ ወሰደችው።

ዚግቢ ርቀትን የሚያሸንፈው በቅብብሎሽ ነው። ሶኬት ላይ የተሰካ የዚግቢ ዕቃ ለሌሎች መልእክት ያቀብላል። በባትሪ የሚሠራ ግን አያቀብልም። ስለዚህ ዶንግሉ ሳሎን ሆኖ ሴንሰሩ ጓሮ ከሆነ በመካከል አንድ የሚሰካ ነገር ያስፈልጋል። እኔ ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ ስማርት ሶኬት አድርጌያለሁ። የባልዲው ሴንሰር አሁን ከዶንግሉ ጋር በቀጥታ ሳይሆን በእሱ በኩል ነው የሚነጋገረው። ሴንሰሩን ስታጣምሩ እዚያው በሚኖርበት ቦታ ሆናችሁ አጣምሩት፤ ያን ጊዜ ቅርቡን አቀባይ ይይዛል።

ስማርት አምፖልን ለዚህ ሥራ አልመክርም። አምፖል አቀባይ መሆን ይችላል፣ ግን ሰው ከግድግዳው ማብሪያ ያጠፋዋል። እናቴ ከክፍል ስትወጣ መብራት ታጠፋለች። ልክ ናት። መብራት የሚያጠፋ ሰው ባለበት ቤት አምፖሉን ምሰሶ ማድረግ አይቻልም። የኮሪደሩንም መብራት ለዚህ ብዬ በስማርት ሶኬት በኩል ነው የሰካሁት።

ስለ ምጣድ የሚጠይቁኝ አሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ምንም አይረጭም። ቮልቴጁን ግን ይጥለዋል፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ማይክሮዌቭ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ሲበራ ያለው ጊዜ ለዚግቢ ክፉ ነው። ዶንግሉን ከእሱ ጎን አታስቀምጡት።

መብራት ሲጠፋስ? እዚህ ላይ አሮጌ ላፕቶፕ ከሌላው ሁሉ ይሻላል እላለሁ። ባትሪ አለው፣ ዶንግሉም ከእሱ ይመገባል። ችግሩ አቀባዩ ነው። የወጥ ቤቱ ሶኬት መብራት ሲጠፋ ይሞታል፤ በእሱ በኩል ይነጋገር የነበረ ሴንሰር ሌላ መንገድ እስኪያገኝ ይጠፋል። አንዳንዱ ቶሎ ያገኛል፤ አንዳንዱ ግትር ነው። ውሃ ደግሞ መብራት በጠፋበት ሌሊትም ይመጣል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ አቀባይ በባትሪ የሚደገፍ መሆን አለበት። በዩኤስቢ የሚሠሩ ትንንሽ የዚግቢ አቀባዮች አሉ፤ ራውተሩን ከያዘው ሚኒ ዩፒኤስ ወይም እየተሞላ ከሚያወጣ ፓወር ባንክ ላይ ይሰካሉ። ይኸው የሶኖፍ ዶንግልም ሶፍትዌሩ ሲቀየርለት አቀባይ ይሆናል፤ ያኔ ኮምፒውተር አያስፈልገውም፣ ተራ የስልክ ቻርጀር ይበቃዋል።

የሶፍትዌሩ ነገር አጭር ነው። ላፕቶፑ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ አድርጉት። በሊኑክስ ላይ የዶንግሉን አድራሻ "ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0" ብላችሁ አትጻፉ። ሌላ ዕቃ ከተሰካና ኮምፒውተሩ ከተነሳ 0 የነበረው 1 ሊሆን ይችላል፤ ዶንግሉ የሞተ ይመስላችኋል። በስሙና በመለያ ቁጥሩ የሚጠራውን "ሲሪያል ባይ አይዲ" የሚለውን ረጅሙን አድራሻ ተጠቀሙ። መጠባበቂያ ቅጂም ያዙ፤ ዶንግሉ ቢበላሽ ሁሉንም ዕቃ እንደገና ከማጣመር ሊያድናችሁ ይችላል።

ዕቃው ለማን ይሆናል? ቤቱ ውስጥ ሁልጊዜ የሚበራ ኮምፒውተር ላለው፣ ትንሽ መነካካት ለማይጠላ ሰው ይሆናል። ሰክቼ በስልኬ ብቻ ልዘዘው ለሚል ሰው ግን ዝግጁ ሃብ፣ ማለትም ያለ ኮምፒውተር ራሱን ችሎ የሚሠራ የዚግቢ ማዕከል ይሻለዋል። ኮምፒውተሩ ሩቅ ክፍል ውስጥ የሆነበት ሰው ደግሞ በኔትወርክ ገመድ የሚሠራ የዚግቢ ተቀባይ ቢፈልግ ጥሩ ነው፤ ከዩኤስቢው ጣጣ ሁሉ ይገላገላል። ዋጋውን ሆን ብዬ አልጻፍኩም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሆንም። እኔ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ዘመድ ነው ያስመጣሁት። እናንተም በሰው የምታስመጡ ከሆነ ገመዱን አብራችሁ እዘዙ፣ አንቴናዋም በካርቶኑ ውስጥ መኖሯን በስልክ ፎቶ አስልኩ። ጀርባው ላይ "ፒ" ወይም "ኢ" የሚለውንም አስነብቡ፤ ሶፍትዌራቸው ስለሚለያይ የአንዱን ለሌላው መጫን አይቻልም።

እኛ ቤት ያልተፈታ አንድ ነገር ቀርቷል። የግቢው ዋና በር ላይ ያደረግሁት የበር ሴንሰር አሁንም አንዳንዴ ይጠፋል። በሩ ሙሉ ብረት ነው፤ ሴንሰሩ እዚያው ብረቱ ላይ ተለጥፏል። ከበሩ በቀጭን ጣውላ ከፍ አድርጌ ስለጥፈው ቁጥሩ ተሻሽሏል፣ ግን አልበቃውም። ሁለተኛ ዶንግል አዝዣለሁ። ሲመጣ ወደ አቀባይ ለውጬው በረንዳው ላይ፣ በሩን ፊት ለፊት በሚያየው ቋሚ እንጨት ላይ፣ ከፓወር ባንክ ጋር አስረዋለሁ።